ቂም የቀሰቀሰኝ ማለዳ

በማለዳ ተነስቶ መራመድ ለጤና ጥሩ ነው የሚለውን ምክር ከሐኪምም ከሬዲዮም ስሰማ ኖሬአለሁ። ሰምቼ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነሳሁም። እኔን ከአልጋዬ ያስነሳኝ ምክር ሳይሆን ቂም ነው። ነገሩ ያምራል ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ውባለም እባላለሁ። ቡሬ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ። ያኔ ከነጋ እስኪመሽ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም ነበር። ከተነሳሁም ደንበኛ ለመለካት ነው። ሻዬን በሦስት ማንኪያ ስኳር እየጠጣሁ፣ ከፊት ለፊቴ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ እያስመጣሁ፣ ክርና መርፌ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ። ሰውነቴ ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄደ። ጉልበቴን ማመም ጀመረኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደሜን አዩና ስኳር አለብሽ አሉኝ።

ክኒኑን የሰጠችኝ ነርስ ጥሩ ልጅ ነበረች። "እትዬ፣ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። በቀን አንድ ሰዓት ለራስዎ ይያዙ። ይራመዱ። ምግብዎንም ያስተካክሉ" አለችኝ።

ሳቅሁ። "ሰዓቱን ከየት ላምጣው ልጄ? ማለዳው የልጆቼ ነው፣ ቀኑ የደንበኛ ነው፣ ማታው የባለቤቴ ነው" አልኋት። እውነቴን ነበር። ከቀኔ ውስጥ የእኔ ነው የምለው አንዲት ቅንጣት ጊዜ አልነበረኝም። እንዲኖረኝም አልጠየቅሁም።

ይህን ጊዜ ነው ከወንድሜ ጋር የተጣላነው።

ወንድሜ ደምሴ ይባላል፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ለአባቴ እኔና እሱ ብቻ ነን። የተወለድንበት አገር ከቡሬ በነቀምቱ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ታጥፎ አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። ከመንደሩ ሥር ገደሉ ይጀምራል። ከገደሉ ግርጌ ወንዙ ዳር አባቴ ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል፣ የበርበሬ መሬት ነበረው። ቆላው እንለው ነበር። አባቴ ከመሞቱ በፊት ሽማግሌ አስቀምጦ "ደጋው የደምሴ፣ ቆላው የውባለም" ብሎ ተናዟል። ደምሴም ያን ዕለት "ይሁን አባቴ" ብሎ ጉልበቱን ስሟል።

አባቴ ከተቀበረ በኋላ ግን ቆላውን ለእኩል አራሽ ሰጠና ምርቱን ወደ ቤቱ ማስገባት ጀመረ። ስጠይቀው "ቆይ እንነጋገራለን" ይላል። ስደውልለት አያነሳም። ቀበሌ ሄድሁ፤ "መጀመሪያ በሽማግሌ ጨርሱና ድንበሩን አሳዩን" ብለው መለሱኝ።

የአባቴ ሙት ዓመት ዕለት ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት። እኔ ደግሞ በዚያው ዕለት ማልጄ መሬቴን አያለሁ ብዬ ቁልቁለቱን ጀመርሁት። ግማሹን እንኳ ሳልደርስ ጉልበቴ ተቆለፈ። መውረድም መውጣትም አቃተኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ሲበረታብኝ፣ በቅሎ አመጡልኝና ሁለት ሰው ደግፎ ጫነኝ። በቅሎዋ እያቃሰተች መንደሩ ውስጥ ስታልፍ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አየኝ። አንዳንዱ አዘነ። አብዛኛው ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ስንሻው ነበሩ፤ የአባቴ ጓደኛ፣ ቅኔ ያስተማሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው።

ደምሴ ተነስቶ እጅ ነሳ። "አባቶቼ፣ እኔ እህቴን መሬት አልከለከልሁም" አለ። "የእኔ ነው ካለች ድንበሩን ታውቀዋለች ማለት ነው። እንግዲያው ትውረድና በእግሯ ዞራ ታሳየን። ያን ጊዜ እለቅላታለሁ። እስከዚያ ግን ያረሰ ይረሰው።" በፈገግታም ጨመረ። "ነገር ግን ውባለም ወርዳ አትወጣም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የጠዋቷን በቅሎ ነው ያነሳው ብዬ እኔም አፍሬ አብሬ ሳቅሁ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ደምሴን ትክ ብለው አዩትና "እንግዲህ የዛሬ ዓመት በርበሬው ከተለቀመ በኋላ ሁለታችሁም ድንበሩን በእግራችሁ ትዞራላችሁ። ሄዶ ያላየ አይመሰክርም" ብለው ፈረዱ።

ወደ ቡሬ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ነበር። መሪጌታ ለምን እንዳልሳቁ የገባኝ እዚያ ነው። ወርዳ አትወጣም። ሰው ወርዶ የማይወጣበት ቦታ ገደል ብቻ አይደለም። ወንድሜ በሽታዬን ያውቃል። ጤና ጣቢያ የተባልሁትን የነገርሁት እኔው ነኝ። መሬቱን ሊከራከረኝ አልፈለገም፤ ጊዜ ሊገዛ ነው የፈለገው። መቃብር እስክወርድ ሊጠብቀኝ ነው። ይህን በአደባባይ፣ በአባቴ ሙት ዓመት ነገረኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁለት።

ቡሬ እስክደርስ አላለቀስሁም። ቤት ገብቼም አላለቀስሁም። ለባለቤቴ ለሙሉቀን "ከነገ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ እወጣለሁ" አልሁት።

ሙሉቀን የባጃጅ ሹፌር ነው፤ በጠዋት ነው የሚወጣው። "የት?" አለ።

"እግሬ ወደመራኝ።"

"ቁርሱንስ ማን ይሠራዋል?"

"እጅ አለህ።"

በትዳራችን እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ምን ነክቷት ነው እያለ አየኝ። በማግስቱ ለልጆቹ እንቁላል ጠብሶ አሳረረው። በሳምንቱ አላሳረረውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቀያሚ ነበሩ። ከቤቴ እስከ ዋናው መንገድ ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ከድጃ ያየችኝ በዚህ መሐል ነው። ከድጃ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ቀጭንና ጠንካራ ሴት ናት። ሱብሂ ሰግዳ ደጇን ስትጠርግ ግድግዳ ተደግፌ ሳለከልክ አገኘችኝ።

"ውባለም፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ።

"እየተራመድሁ ነው።"

"ከማን ጋር ተጣልተሽ?"

እንዴት እንዳወቀች እስካሁን አይገባኝም። ሁሉንም ነገርኋት። መጥረጊያዋን አስቀመጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። "በይ እንሂድ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬን የምታንኳኳው እሷ ሆነች።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር ሥር እንሄዳለን። የጉልበቴ ሕመም ሲቀልልኝ ወደ ኮሌጁ የሚወስደውን ዳገት ጨመርን። ባጃጅ የሚነዱት "ማዘር፣ ልጫንዎት?" እያሉ ያሾፉብኛል። አንዷ ደንበኛዬ "ልብስ ሰፊዋ ማራቶን ልትገባ ነው አሉ" ብላ ገበያውን አሳቀችው። እኔ አልሰማም ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ ወንድሜን እረግጠው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ። ዳገቱ ሲከብደኝ የደምሴን ፈገግታ ፊቴ ላይ አመጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ እግሬ ይነሳል። በሻዬ ውስጥ የነበረውን ስኳር የተውሁት ለጤናዬ ብዬ አይደለም። ስኳሩ የደምሴ ወገን መስሎ ስለታየኝ ነው። ዳቦውንም እንዲሁ። ሐኪም ሲለምነኝ ያላደረግሁትን ለጠላቴ ስል አደረግሁት።

ከድጃ አንድ ቀን "ይህን ወንድምሽን ስትጠይው ውለሽ ታድሪያለሽ። አይደክምሽም?" አለችኝ።

"እሱ ነው የሚያራምደኝ" አልኋት።

"በጄ" አለች። "እንግዲያስ በደንብ ጥይው። ገና ዳገት አለ።"

ክረምቱ ገባ፤ በጭቃው ሄድን። መስቀል አለፈ። ልብሴን ሁሉ አጠበብሁት፤ ልብስ ሰፊ መሆን እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ጤና ጣቢያ ያቺው ነርስ ስኳሬ መውረዱን አይታ "ምን አገኙ?" አለችኝ። "ወንድም" አልኋት፤ አልገባትም። ለመንደሩ ሰው ግን ምንም እንዳይደርስ አደረግሁ። ለሠርግ ሲጠሩኝ ቀረሁ። ዘመድ ሲመጣ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ፣ በሰፊ ጋቢ ተጠቅልዬ ነው የማናግረው። ደምሴ እንዳያውቅ ፈለግሁ። እንደ ጠበቀኝ እንዲጠብቀኝ ፈለግሁ።

በርበሬው ተለቅሞ መሪጌታ ቀን ቆረጡ። "ልጄ፣ ትመጫለሽ?" ብለው ደወሉልኝ።

"እሞክራለሁ መሪጌታ። እርስዎ ብቻ ይጸልዩልኝ" አልኋቸው፤ ድምፄን አድክሜ። ደምሴ አጠገባቸው እንደሚሆን ገምቻለሁ።

የቀጠሮው ጠዋት ከከድጃ ጋር ከቡሬ ተነሳን። ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ አወረደን። ከዚያ እስከ አፋፉ ድረስ በእግር ሄድን። ነጠላዬን በሰፊው ተከናንቤአለሁ፤ ሰውነቴ አይታይም። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ከረሜላ ቋጥሬአለሁ፤ ነርሷ ስኳሬ ድንገት ከወረደ ብላ ያስለመደችኝ ነው።

ደምሴ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መሪጌታና ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች አሉ። የመንደሩ ሰው ትርኢት እንደሚያይ ተሰብስቧል። የደምሴ ሚስት የሺም አለች፤ ጸጥ ያለች ሴት ናት፣ ከእኔ ጋር ክፉ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ከደምሴ ጎን የተጫነች በቅሎ ቆማለች።

"እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ" አለኝ። "ለእንግዳችን ብዬ በቅሎ አስጭኛለሁ።"

ሰዉ ሳቁን አፈነ። ወንድሜን በደንብ አየሁት። ወፍሯል። የበርበሬው ገንዘብ ሆዱ ላይ ይታያል፤ የእኔ በርበሬ። ፊቱ አብጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ቆላውን ለእኩል አራሽ ከሰጠ ወዲህ ራሱ ወርዶ እንደማያውቅ ቆይቶ ነው የሰማሁት።

ነጠላዬን አወረድሁና ወገቤ ላይ አደገደግሁት። የከሳው ሰውነቴ ታየ። የሺ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ስለ በቅሎዋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አያ ደምሴ" አልሁት። "ግን ትከተለን። አንተ ትፈልጋት ይሆናል።"

መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ መሬት አዩ። ፈገግ ማለታቸውን ለመደበቅ ይመስለኛል።

ቁልቁለቱን ጀመርን። እኔ ፊት፣ ከድጃ ከኋላዬ፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን እየተመረኮዙ፣ ከዚያ ደምሴ፤ በቅሎዋን አንድ ሰው እየሳበ በስተኋላ። ባለፈው ዓመት ጉልበቴ የተቆለፈበት ድንጋይ ጋ ስደርስ አልቆምሁም። ከኋላዬ የደምሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። መጀመሪያ እያወራ ነበር የሚሄደው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው። ቀስ በቀስ ወሬው አጠረ፤ ቀጥሎ ቆመ።

ወንዙ ዳር ደረስን። አባቴ በልጅነታችን በየዓመቱ ድንበሩን ያዞረን ነበር። "ወረቀት ይቃጠላል፣ እግር አይረሳም" ይለን ነበር። እውነት ነው፤ እግሬ አልረሳም። ወንዙ የሚታጠፍበትን አሳየሁ። ታርሶ የጠፋውን አሮጌ የድንበር ካብ መሠረቱን በእጄ ቆፍሬ አሳየሁ። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ደምሴ ውኃ ጠጣና ፊቱን ታጠበ።

ከዚያ ምንጩ ጋ ስንደርስ ተናገረ። "እዚህ ያበቃል" አለ። "የአባቴ ድንበር ምንጩ ነው። ከዚህ በላይ ያለው የእኔው የደጋው መሬት ጅራት ነው።"

ተሳስቶ አይደለም። ከምንጩ በላይ ያለው የመሬቱ እኩሌታ ነው። ከላይ ሸንተረሩ ወገብ ላይ አባቴ መስቀል የቀረጸበት የድንበር ድንጋይ አለ። ወደዚያ የሚያወጣው ጭንጫ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ፍየል ካልሆነ የሚወጣው የለም።

"ላይኛው ድንጋይስ?" አልሁት።

"ምን ድንጋይ? ካለ አሳዪያቸው እንግዲህ" አለና በእጁ ወደ ላይ አመለከተ። ድካሙ ውስጥ እንኳ ያቺን ፈገግታ ፈገግ አለ።

መሪጌታ "ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። ሄዶ ያላየ አይመሰክርም፤ ፍርዳችን ይህ ነበር" አሉ።

መውጣት ጀመርን። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይንሸራተታል፤ እሾህ እየያዝሁ እወጣለሁ። መንገድ ስላልነበረ እያንዳንዱን እግር የት እንደማሳርፍ ማሰብ ነበረብኝ። ደምሴ ከኋላዬ "ቀስ በይ እንጂ፣ አብረን እንውጣ" አለኝ።

"መሬቱን የምታውቀው አንተ ነህ። ቅደም" አልሁት። ሆን ብዬ ፈጠንሁ። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሲነፋ እሰማለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ፈጠንሁ። ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ያ ትንፋሽ ከዘፈን ይልቅ ጣፈጠኝ።

እኩል ላይ ስደርስ ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቤ ቀዘቀዘ። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ተበተነ። ምን እንደሆነ አወቅሁት፤ ስኳሬ ወርዷል። ከጓጓሁ ብዛት ጠዋት በቂ ምግብ አልበላሁም ነበር። የያዝሁትን ቁጥቋጦ ለቅቄ ተቀመጥሁ።

ከታች የደምሴ ድምፅ ተሰማ። "አላልኋችሁም?" ይላል፤ ቃላቱ በትንፋሽ እየተቆራረጡ። "ወርዳ ... አትወጣም።"

የነጠላዬን ቋጠሮ መፍታት አቃተኝ። ከድጃ ደርሳ ፈታችልኝና ከረሜላውን አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ። አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ። አጠገቤ ተቀመጠች። ተነሺ አላለችኝም፤ ተስፋ ቁረጪም አላለችኝም። የያዘችውን ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ። ሽማግሌዎቹ አልፈውን ትንሽ ከፍ ብለው ቆሙ። ሞቴ እዚህ ቢሆን ወንድሜ ለልጅ ልጁ የሚያወራው ተረት እሆናለሁ ብዬ አሰብሁ። ያ ሐሳብ ከከረሜላው እኩል ጠቀመኝ።

እጄ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ከድጃ ወደ ታች በአገጯ አመለከተች። "እስኪ እየው" አለችኝ።

ደምሴም ተቀምጧል። ግራር ሥር፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ባርኔጣውን እንደ ማራገቢያ ይዞ። ቀና ሊል ሞከረ፤ መልሶ ተቀመጠ። ድጋሚ ሞከረ። በሦስተኛው አልሞከረም።

ተነሳሁ። አሁን ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ መፍጠን አላስፈለገኝም። ድንጋዩ ሣር ለብሶ ነበር። ሣሩን በእጄ ገለጥሁት። የአባቴ መስቀል ጠርዙ በዝናብ ቢበላም አለ። መሪጌታ ተንበርክከው ተሳለሙት። ሌሎቹ ሁለቱም ተሳለሙ።

"አይተናል" አሉ መሪጌታ። ወደ ታች ጮክ ብለው፣ "ደምሴ፣ ወጥተህ ታያለህ?" አሉት።

ደምሴ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

"እንግዲያስ ያላየ አይመስክር" አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ መሬቱ የእኔ ሆነ።

እኔ ግን አልጨረስሁም ነበር። ወደ ምንጩ ስንወርድ ደምሴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ገደሉን በእግሩ እንደማይወጣው ሁሉም አየ። ሰውየው በቅሎዋን አቀረበ። ደምሴን ደግፈው አስቀመጡት። ያን ጊዜ የበቅሎዋን ልጓም ከሰውየው እጅ ተቀበልሁ።

"እኔ እስባታለሁ" አልሁ።

ሙሉውን አቀበት እየሳብሁ ወጣሁ። አፋፉ ላይ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቤቶቹ ኋላ ይዞራል፤ አንዱ በመንደሩ መሐል ያልፋል።

"ውባለም" አለኝ ደምሴ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በኋላ በኩል እንሂድ። መንገድ አለ።"

"አውቃለሁ አያ ደምሴ" አልሁትና በመሐል ይዤው ገባሁ።

ቀስ ብዬ ሄድሁ። ባለፈው ዓመት እኔን ያዩኝ ሰዎች ሁሉ ከየቤታቸው ወጡ። ዘንድሮ የሳቀ አልነበረም፤ ለእኔ ግን ዝምታው በቃኝ። ደምሴ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ስቦ አቀርቅሯል። መሪጌታ ጎኔ መጥተው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ ዛሬ ጸሎት አልያዝሁም" አልኋቸው።

ቀድመውኝ ሄዱ። የሺ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ባሏን ደግፋ አወረደችው። እኔን ስታየኝ ዓይኗ ውስጥ ጥላቻ አላየሁም። ፍርሃት ነው ያየሁት፤ ለእሱ የፈራችው ፍርሃት። በዚያ ሰዓት አላሳዘነችኝም። ልጓሙን በእጇ ሰጥቻት ወደ ቡሬ ተመለስሁ።

በማግስቱ በተለመደው ሰዓት ከድጃ በሬን አንኳኳች። "ዛሬ ይቅርብኝ፣ ደክሞኛል" አልኋት። በነጋታውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀንም አልተነሳሁም። ድካም አልነበረም። አልጋዬ ላይ ዓይኔን ከፍቼ ተኝቼ የምረግጠውን ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁት። ያሸነፉት ሰው ፈገግታ ፊት ላይ አይመጣም። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የዳቦ ቤት ሽታ መልሶ ይጠራኝ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻዬ ውስጥ ስኳር ስጨምር ከድጃ ገብታ አየችኝ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ውባለም" አለችኝ፤ "ለወንድምሽ ስትይ ዓመት ሙሉ ሄድሽ። ለውባለም ስትይ አንድ ሳምንት መሄድ አቃተሽ?"

ማንኪያውን አስቀመጥሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ሳታንኳኳ ደጇ ላይ ጠበቅኋት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ወንድሜን ይቅር አልሁት የምላችሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ አላልሁትም። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አብልቼ አጠጥቼ ሸኘኋቸው፣ መልስ ግን አልሰጠሁም። ያን ቀን ልጓሙን በመያዜም እስካሁን አልተጸጸትሁም። የነፍስ አባቴ በዚህ ይቆጡኛል፤ እውነታቸውን ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ለራሴ ጊዜ የለኝም ስል የኖርሁት ውሸት ነበር። ለቂሜ ጊዜ ነበረኝ። ባለቤቴ እንቁላል መጥበስ ይችል ነበር፣ ደንበኛ መጠበቅ ይችል ነበር፣ ልጆቼ ደብተራቸውን ራሳቸው መሰብሰብ ይችሉ ነበር። ሰዓቲቱ ድሮም ነበረች፤ እኔ ለእኔ አትገባም ብዬ ነው ለሰው ሁሉ ያደልኋት። ጠላቴ ይገባዋል ያልሁትን ያህል ጊዜ ለራሴ ይገባል ለማለት ሌላ ዓመት ፈጀብኝ። አሁንም ማለዳ አንዳንድ ቀን ይከብደኛል። የሚያስቆጣኝ ሰው ሲኖር ይቀለኛል፤ ሳይኖርም እሄዳለሁ።

በቅርቡ የሺ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ ባሏ እንዳይሰማ ይመስለኛል።

"እትዬ ውባለም፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስጄው ነበር" አለችኝ። "ስኳርም ግፊትም አለብህ አሉት። ተራመድ አሉት። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አይወጣም። ሰው ያየኛል ይላል። እርስዎ ምን አድርገው ነው የዳኑት? መድኃኒቱን ይንገሩኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ።"

የስፌት መኪናዬን አቆምሁ። ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። አንዱ ክፉ ነበር፤ ዋጥሁት። ደግ ነገር ደግሞ ከእኔ ቢመጣ ወንድሜ እንደማይቀበለው አውቃለሁ፤ እኔም ለእሱ የምሰጠው ደግ ነገር አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"የሺ፣ የምነግርሽን ቃል በቃል ንገሪው" አልኋት። "እህትህ ከቆላው በላይ ያለውንም መሬት ልትጠይቅ ነው አሉ በይው። በመጪው ዓመት ሽማግሌ ልታስቀምጥና ድንበሩን ዙር ልትልህ ነው በይው።"

"እውነትዎን ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ብቻ ንገሪው።"

ያን ያልሁት ለእሱ አዝኜ ይሁን ወይስ ገና ቂሜ ሳይወጣልኝ ቀርቶ፣ እኔም አላውቀውም። ብትጠይቁኝ ዛሬም አልመልስላችሁም።

ባለፈው ሳምንት ከመንደሩ የመጣች ሴት ቀሚስ ልታሰፋ ሱቄ ገብታ ነበር። ስለካት "ወንድምሽን እኮ ንጋት ላይ አፋፉን ይዞ ሲሄድ አየሁት" አለችኝ። "ዱላ ይዞ፣ ብቻውን። እየተነጫነጨ ነው የሚሄደው። ጠጋ ስል ስምሽን ሰማሁ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይራገማል።"

"ይራገም" አልኋት፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ እያዞርሁ። "እየሄደ ከሆነ ይራገም።"